ድንኳኑን ለሐዘን ብቻ አታውጡት

የአንድን ሰፈር ጤንነት ለማወቅ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍቶ ማየት ይበቃል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ጥግ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ የታጠፈ ሸራ፣ የድንኳን ብረት፣ የተደራረቡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰታቴ፣ ብረት ድስት፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ሳህን፣ በሣጥን የተቀመጠ ብርጭቆ አለ። ዕቃው ደርቆ፣ ተቆጥሮና በየቦታው ተቀምጦ ከተገኘ ሰፈሩ አለ ማለት ነው። ሸራው ሻግቶ፣ ብረቱ ጎድሎ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ግን ጉርብትናው ላልቷል፤ የቀረው አንድ መንገድ መጋራት ብቻ ነው።

ስለ ጉርብትና ሲወራ መተሳሰብና ፍቅር ቀድሞ ይነሣል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ፍቅሩን ከዓመት ዓመት የሚያሻግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፦ የጋራ ዕቃ፣ ቁልፍ ያዥ እና ተራ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ፍቅር ያላቸው ሰዎች እንኳ ይኮራረፋሉ። ደግሞም ሌላ የማምንበት ነገር አለ፤ በሞት ቀን ብቻ የሚወጣ ዕቃ ቶሎ ይበላሻል። በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ለደስታ፣ ለልጆች፣ ለተረት ሲወጣ ዕቃውም ሰፈሩም ይታደሳል። እንዴት እንደሚሆን ከድንኳኑ ልጀምር።

የእድር ሥራ የሚለካው በሰዓት ነው። ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ድንኳኑ ለነገ አይባልም። የክርስቲያን ቀብርም ቢሆን ሌሊት ካረፈ በማግስቱ ነው፤ ለቀስተኛ ደግሞ እስከ ሰልስት ይመላለሳል። ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የቴሌግራሙ መልእክት ለሁሉም ሳይደርስ፣ ብረቱ መቆም አለበት። ስለዚህ ድንኳን መትከል የሚያውቁ ቢያንስ ስድስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቅበት እድር አንዱ መንገድ ሲወጣ ሌላው ሲታመም ይቸገራል፤ የማያውቁ እጆች ተረባርበው ሲያቆሙት ደግሞ የብረቱ መጋጠሚያ ይጣመማል። ጠመም ያለ መጋጠሚያ በሚቀጥለው ጊዜ በመዶሻ ይመታል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

መጠኑን በሚገባ ያሰቡ ሰዎች ጥቂት ናቸው። 6 በ12 ሜትር የሆነ ድንኳን 72 ካሬ ሜትር ነው። በአግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ለሚቀመጥ አንድ ሰው መተላለፊያውን ጨምሮ 0.7 ካሬ ሜትር ግድም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 100 ሰው ይይዛል። 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው አግዳሚ አምስት ሰው ካስቀመጠ 20 አግዳሚ ይበቃል ማለት ነው። 30 አግዳሚ ይዞ አንድ ድንኳን ብቻ ያለው እድር የተረፈውን ወንበር ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል። አዲስ የሚገዛ እድር አንድ 6 በ12 ከሚያሰፋ ሁለት 6 በ6 ቢያሰፋ ይሻለዋል። ለጠባብ ግቢ አንዱ ይወጣል፣ ለትልቅ ለቅሶ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፣ ሁለት ቤት በአንድ ሳምንት ቢያዝንም አይጋጭም።

አሁን ወደ መሬቱ። ድሮ ካስማ በአፈር ላይ ይመታ ነበር፤ ዛሬ ብዙው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ነው። ተካዮቹ አንድ ድንጋይ ይነቅሉና ካስማውን እዚያ ይመታሉ። ሲነቅሉት ትንሽ ነገር ይመስላል። ኮብልስቶን ግን ሲሚንቶ አልያዘውም፤ ከሥሩ በተነጠፈ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ተቀምጦ በጎኑ ካሉት ድንጋዮች ጋር ተጨናንቆ ነው የሚቆመው። አንዱ ሲነሣ ጎረቤቶቹ የሚደገፉበትን ያጣሉ። ድንጋዩ ተመልሶ ቢገባም አሸዋው ካልተሞላና በመዶሻ ካልተጠቀጠቀ ይነቃነቃል፣ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ አሸዋውን ያጥበዋል፣ የመኪና ጎማ ይረግጠዋል፣ በክረምቱ ማብቂያ በዚያች ቦታ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ሰፈሩ መንገዱን የሠሩትን ይወቅሳል። መፍትሔው ጄሪካን ነው። ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። በየምሰሶው እግር ሁለት ሁለት ጄሪካን በገመድ ማሰር፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ሦስት ሦስት፣ ለተራ ቀን ይበቃል። ነፋስ ለሚበረታባቸው ለየካቲትና ለመጋቢት አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይጨመራል። አፈር ያለበት ቦታ ከተገኘ ካስማው ቀጥ ብሎ አይመታም፤ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ገመዱም ከመሬት ጋር ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ይይዛል። ቀጥ ያለ ካስማ መሬቱ ሲርስ ይነቀላል።

ዝናብ ሲመጣ የሚፈራው የሸራው መሐል ነው። ገመዱ ላልቶ ሸራው ሲጎደጉድ ውሃ ይቋጠራል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ቋሚውን ለማጉበጥ ይበቃዋል። ውሃው ገና ትንሽ እያለ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ መጥረጊያ እንጨት ከሥር ቀስ ብሎ ወደ ዳር መግፋት ነው። በራቁት እንጨት የሚገፋ ሰው ሸራውን ይበሳዋል፣ ያቺ ቀዳዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየለቅሶው ሰው ራስ ላይ ታንጠባጥባለች።

ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም፣ ሰው የሚገድሉ ናቸውና። የመጀመሪያው ከምሰሶ ወደ ቤት የተሳበው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። በቆዩ ሰፈሮች ይህ ገመድ ረግቦ ዝቅ ይላል፤ የድንኳኑ ብረት ሲነሣ ሊነካው ይችላል። ብረት ከመቆሙ በፊት አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ሽቅብ ይመልከት። ሁለተኛው ከሰል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቡና ይፈላል፣ ሲበርድ ሸራው ከሁሉም ጎን ይወርዳል፣ ከሰሉም መሐል ላይ ይቀራል። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ አለ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ራስ ያማል፣ ከዚያ ይገድላል። ምድጃው ከድንኳን ውጭ ይሁን፤ ቡናው በጀበና ይግባ። እንዲሁም ድንኳን መንገድ ሲይዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ይተው።

የሸራ ጠላት ዝናብ አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ መታጠፍ ነው። በሰልስቱ ማግስት ሁሉም ደክሟል፣ ወደ ሥራው ይቸኩላል፣ ጤዛ የያዘው ሸራ በጠዋቱ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል። በሳምንት ውስጥ ሻጋታ ይጀምረዋል። የሸራው ክር ውስጥ ገብቶ ያላላዋል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቦታ በእጅ ሲጎተት እንደ ወረቀት የሚቀደደው ለዚህ ነው። ሸራ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት መታጠፍ የለበትም። ዝናብ ከሆነና ማድረቅ ካልተቻለ ሳይታጠፍ በአግዳሚዎቹ ላይ ተዘርግቶ ይደር፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ይመለስበታል። ሲታጠፍም ሁልጊዜ በአንድ መሥመር አይታጠፍ፤ እጥፋቱ ላይ ይበጣጠሳል። መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሣንቃ ላይ ይሁን። አይጥ የምትገባው የእህል ፍርፋሪ ስትሸት ነው፤ ምግብ የነካው ሸራ ሳይታጠብ አይገባም።

ዕቃ ያዥነት ክብር ያለው ሥራ ነው፣ ግን ብዙ እድሮች ለእሱ ከዳኛውና ከጸሐፊው ያነሰ ትኩረት ይሰጣሉ። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን፣ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ የማይኖሩ። መዝገቡ አምስት ዓምድ ብቻ ይበቃዋል፦ የወጣበት ቀን፣ የተረከበው ሰው፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ የተመለሰው፣ የጎደለው። የሚጠፋው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጭልፋ፣ የብርጭቆ ትሪ፣ የጆግ ክዳን፣ የድንኳን መጋጠሚያ ፒን። ሰታቴ ጠፍቶ አያውቅም። ሳህን ሲቆጠር አንድ በአንድ አይቆጠር፤ በ20 በ20 ታስሮ ይውጣ፣ በ20 በ20 ታስሮ ይግባ። የጎደለ ዕቃ በገንዘብ ከሚተመን በዓይነት ቢተካ ጥሩ ነው። በገንዘብ የተከፈለ ቅጣት ሣጥን ውስጥ ይገባና ሳህኑ ሳይገዛ ዓመት ያልፋል፤ በሚቀጥለው ለቅሶ እጥረቱ እንዳለ ነው። ሐዘንተኛውን ግን በሰልስቱ ዕለት ስለ ጎደለ ጭልፋ አትጠይቁት። መዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ በወሩ ስብሰባ ይነሣ።

ድስቶቹ ላይ ምልክት ማድረግ እንዳይረሳ። ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ በሚኖርበት ሰፈር ሥጋ የተሠራበት ድስት ሳይታወቅ ለሌላው ቤት ቢሄድ ቅሬታው ለዓመታት አይለቅም። በለቅሶ ቤት ሽሮ፣ ምስርና ንፍሮ የሚቀርበው አንዱ ምክንያት ሁሉም አንድ ላይ ስለሚበላው ነው፤ ለዚያ የሚሆኑ ድስቶች እጀታቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ይቀቡና ሥጋ ፈጽሞ አይግባባቸው። ይህን ሥራ የሚያውቁት የሴቶች እድር አባላት ናቸው። የእድሩ አመራር ድስት ሊገዛ ሲወጣ ከእነሱ ሁለት ሰው ይዞ ቢሄድ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል። ሥሩ ስስ የሆነ ሰታቴ በዋጋ ይረክሳል፣ ሽሮውን ግን ያሳርራል።

መጋራት በግድ የመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ማብሰያ እየተጋራ ኖረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቧንቧና ሽንት ቤቱ የየራሱ ሆነ። ሰው ተደሰተ፣ ደስታውም ትክክል ነበር። የቀረው የጋራ ነገር በብሎኮቹ መሐል የተሠራው የጋራ መገልገያ ቤት ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ይህ ቤት፣ ደረጃው፣ ግቢው፣ ጣሪያው የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። በብዙ ሳይቶች ግን ለሱቅ ተከራይቶ ወይም የግል ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ስግብግብነት አይደለም። ቤቱ አልሠራም ስላለ ነው የተተወው፣ አልሠራም ያለው ደግሞ በመብራት ምክንያት ነው።

ሒሳቡን እንመልከተው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ኪሎዋት ብንል በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። የጋራ ቤቱ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ካለው ሁለት ምጣድ ሞልቶታል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛዋ እናት ሰካች፣ ብሬከሩ ወረደ፣ አንድ ሰው ወጥቶ ከፍ አደረገው፣ እንደገና ወረደ። አንድ ሰው ደግሞ «ይህ ደካማ ነው» ብሎ ትልቅ ብሬከር ያስገባል። ከዚህ በኋላ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ነው፤ የተቃጠለ ሶኬት ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ምጣድ መሰካትም ያው ነው። ብሬከር መቀየር ገመዱን ከመቀየር በፊት አይታሰብ።

መፍትሔው ተራ ነው፣ ተራውም ከመብራት ቁጠባ ጋር ይገጥማል። ምጣድ እስኪግል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ማጋል ብቻውን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አምስት እናቶች በየቤታቸው ቢጋግሩ አምስት ጊዜ ይጋላል። በጋራ ቤት በሁለት ምጣድ ተከታትለው ከጋገሩ ግን ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጋላል። ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር ለአንድ ሰው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይያዝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በሁለት ምጣድ ስድስት ቤት ይስተናገዳል። የማን ሊጥ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ የትኛዋ ቀድማ አብሲት እንደጣለች ታይቶ ተራው ዓርብ ማታ በሩ ላይ ይለጠፍ። ቆጣሪው ለብቻው ሊሆን ይገባል፤ እያንዳንዷ ስትገባና ስትወጣ ንባቡን ትጻፍ። «እኔ የከፈልኩት የእሷን መብራት ነው» የሚለው ንግግር የሚሞተው በዚህ ደብተር ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የጋራ ሮቶ ትልቅ ነገር ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል። በእንጨት ቋሚ ላይ የሚያስቀምጡት ሰዎች ይህን ቁጥር አላሰቡትም። ብረት ወይም ኮንክሪት መቀመጫ ይሠራለት፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል ለጄሪካን መሙያ ይበቃል። 2,000 ሊትር 100 ጄሪካን ነው፤ 25 ቤት ካለ ለእያንዳንዱ አራት። በአንድ ቧንቧ አንዱ ጄሪካን ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ መቶው ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ጭቅጭቁ የሚነሣው ከውሃ ማነስ ይልቅ ከዚህ ወረፋ ነው። ሁለት ቧንቧ ቢገጠም ወረፋው በግማሽ ይቀንሳል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ደግሞ አይናቅ። በ10 ደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የሚሞላ ከሆነ በቀን 29 ሊትር ግድም፣ ማለት አንድ ተኩል ጄሪካን እየፈሰሰ ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ማለት ትንሿ የጎማ ቀለበት ነው፤ ሁለት መለዋወጫ ጎሚኒና አንድ ጥቅል ቴፍሎን ዕቃ ቤት ውስጥ ይኑር። በዓመት ሁለት ጊዜ ሮቶው ይታጠብ፦ ደለሉ ከሥር ይውጣ፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ፣ ተሞልቶ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር 5 በመቶ በረኪና ይጨመርበት፣ 12 ሰዓት ይቆይ፣ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ እንደገና ይታጠብ። በረኪናው ሽታና ማቅለሚያ የሌለበት ይሁን። በዚያ ቀን ማንም እንዳይጠጣ ቧንቧው ላይ ጨርቅ ይታሰር።

የጋራ ሽንት ቤት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ንጽሕናው የሚወሰነው በቁልፉ ብዛት ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ማንም አያጥበውም፤ አራት ቤት ቁልፍ ይዞ በሳምንት ተራ የሚያጥበው ንጹሕ ነው። ጨርቅ፣ ፌስታልና ሞዴስ ጉድጓድ ውስጥ መጣል የሚመጥጠውን ቦቴ ቱቦ ይደፍነዋል፤ ሠራተኞቹ ጉድጓዱን ግማሹን ብቻ መጥጠው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ዕቃ ሁሉ ችግር የሚያቃልል ነው። አሁን ደስታ ወደሚያመጣው ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚህ ነውና። ልጆቻችን ከጎረቤት አዛውንት ጋር የሚገናኙት በለቅሶ ድንኳን ብቻ እየሆነ ነው። አዛውንቱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ልጁ ስልክ ይዞ ይቆማል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ልጆች ይሞላ ነበር፤ ተረቱን በጋራ ይሰሙ፣ ሲወጡም በጋራ ይደግሙት ነበር። እሳቸው በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ዛሬ ልጆች ተረት የሚያዩበት መንገድ በዝቷል፤ የሚያዩት ግን እየብቻቸው ነው። በየሰፈሩ ደግሞ አንድም ጊዜ «ንገሩን» ያልተባሉ ብዙ ተረተኞች አሉ።

የተረቱ ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሸራው ሁሉ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ በኅዳር ሻጋታ ነው። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ባለ እሑድ ድንኳኑ ጠዋት ይተከል፣ ቀኑን ሙሉ ይናፈስ፣ ዕቃው ይቆጠር፣ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሥሩ ተረት ይነገር። ለብቻው ወጪ የለውም። ወጣቶቹ ድንኳን ተከላ የሚማሩትም በዚያ ቀን ነው፤ ለቅሶ ቤት የሚጣደፍ ሰው አያስተምርም።

ተረተኛ አመራረጥ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሩ ተናጋሪ የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ ምክር ያበዛል። የሚፈለገው የጅቡን ድምፅ የሚያወጣ ነው። በየቤቱ ዞሮ «እማማ፣ ልጅ ሆነው አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን ማን ነገረዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መንገድ ነው። «ተረት ያውቃሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ፤ ማን እንደነገራቸው ሲጠየቁ ግን ተረቱ ራሱ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ያ ተረት በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በትግርኛም ሊመጣ ይችላል። ይምጣ። አዛውንቷ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፣ አንድ ወጣት በየሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሩ ይመልሰው። ጅብ በየትኛውም ቋንቋ ሲታለል ልጆች ይሥቃሉ።

አቀማመጡ ግማሽ ክብ ይሁን። ተረተኛው ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ፤ ግድግዳው ድምፁን ወደ ልጆቹ ይመልሳል። ፀሐይ በልጆቹ ጀርባ በኩል ትሁን፣ ዓይናቸው ከተጨፈነ ጆሯቸውም ይሰለቻል። ትንንሾቹ ሰሌን ላይ ከፊት፣ ትልልቆቹ በአግዳሚ ከኋላ፣ ተረተኛው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ። ከ40 ልጅ በላይ ከመጣ ሁለት ክብ አድርጉና ሁለተኛውን ከብሎኩ ወዲያ ማዶ አስቀምጡ። ማይክራፎን አታምጡ። ድምፅ ማጉያ ሲመጣ ልጆቹ ተመልካች ይሆናሉ፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለው የልጆች ድምፅ ተረተኛውን ካልቀሰቀሰው ተረቱ ይቀዘቅዛል። ማይክራፎን ደግሞ ንግግር አድራጊ ይጠራል፤ የሊቀ መንበሩ፣ የወረዳው፣ የስፖንሰሩ ንግግር ሲያበቃ ጀንበር ጠልቃለች።

መጀመሪያ እንቆቅልሽ ይቅደም። ዓይን አፋር ልጅ ተረት ንገር ቢባል ይሸሻል፤ «እንቆቅልህ?» ሲባል ግን «ምን አውቅልህ?» ማለት ከአፉ ያመልጠዋል። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው? ያላወቀው አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው «ይህን አገር አልፈልግም» እያለ ያስቸግራል፣ ልጆቹ በዚያው የአገራቸውን ከተሞች ስም ይጠራሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጉባኤው ሞቋል። ከዚያ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ተረቶች ይበቃሉ፤ አራተኛው ላይ ትንንሾቹ ይነሣሉ። የቡናው ሰዓት ራሱ ልክ ነው። ከመቁላቱ እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃልና፣ እንቆቅልሹ ቡናው ሲቆላ፣ የመጀመሪያው ተረት በአቦል፣ ሁለተኛው በቶና፣ ሦስተኛው በበረካ ይነገር። ሦስተኛውን አንድ ልጅ ቢነግር እመርጣለሁ። አንድ ሳምንት ቀድሞ ከአዛውንቱ ጋር ተቀምጦ ይማረው፤ አዛውንቱም አጠገቡ ሆነው የረሳውን ሹክ ይበሉት።

ሦስቱን በሬዎች ያሉበትን ተረት ብዙ ሰፈር ያውቀዋል፤ ነጩ በሌሊት ስለሚታይ ያስበላናል ተብሎ ለአውሬው የሚሰጥበትን። ካለቀ በኋላ «ከዚህ ምን ትማራላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ቀዩን በሬ ብትሆን ምን ትል ነበር?» በሉ፤ ልጆች ለሩብ ሰዓት ይከራከራሉ፣ አዋቂዎቹም ይገቡበታል። መቅረጽ ከተፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ልጆቹ አይቀረጹ፣ ቅጂው ለተረተኛው ቤተሰብ ይሰጥ። አብዛኛው ቤተሰብ የእናቱን ድምፅ የሚያገኘው በዚህ ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተነሡ ሰፈሮች ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የወጡ ጎረቤቶች አንድ ቦታ አልገቡም። እድሩ ምን ይሁን? አንዳንዱ በርቀትም ቢሆን ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ገንዘቡን ተካፍሎ ይበተናል። ገንዘብ መካፈል ቀላል ስለሚመስል ይመረጣል፣ ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ዕቃው በርካሽ ይሸጥና እያንዳንዱ አባል አዲስ ቦታ ሄዶ ለአዲስ እድር መግቢያ ይከፍላል። የአዲሱ እድር መግቢያ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ንብረቱና ጥሬ ገንዘቡ ተደምሮ ለአባላቱ በማካፈል ነው። ለምሳሌ 600,000 ብር ሀብት ያለው 150 አባል ያለው እድር 4,000 ብር ይጠይቃል። ሃያ ሰው ሆነው አንድ ሳይት የገቡ ጎረቤቶች ድርሻቸውን በዓይነት፣ ማለት አንዱን 6 በ6 ድንኳንና አሥሩን አግዳሚ ይዘው ቢሄዱ መግቢያው በእሱ ይታሰብላቸዋል፤ አዲሱ እድርም ዕቃ አገኘ። በሁለት የተሰፋ ድንኳን ይሻላል ያልኩት አንድም ለዚህ ነው።

ከዕቃው ጋር ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይሂድ። አባሉ ከመቼ ጀምሮ እንደከፈለ፣ ዕዳ እንደሌለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእድሩ የተመዘገቡለት ቤተሰቦች እነማን እንደሆኑ በስም ይዘርዝር፦ አባት፣ እናት፣ አማት፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ። በአዲሱ ሰፈር የመጀመሪያው ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው። የአንዱ አማት ታርፋለች፣ አዲሱ ደንብ አማትን አይጨምርም፣ የድሮው ይጨምር ነበር፣ ድንኳኑ ደግሞ የድሮው ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ሁለቱ ደንቦች ጎን ለጎን ይነበቡና ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ሞት ሳይመጣ፣ ሁሉም በተረጋጋበት በወሩ ስብሰባ።